እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ቆዳዋ እየተገፈፈ ነው፤ «አዲስ መድኃኒት ተገኘ» የሚባለው ለእሷ ይሆናል?

የጉለሌዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ስልሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት ናት። ከደም ግፊትና ከጉልበት ሕመም በቀር ደህና ነበረች። ለጉልበቷ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ደሟ ሲታይ «ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሏል» ተባለና አሎፑሪኖል የሚባል የሪህ ኪኒን ተጀመረላት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉሮሮዋን አመማት፣ ዐይኗ ቀላ፣ ትኩሳት መጣ። ወደዚያው ክሊኒክ ስንመልሳት «ቶንሲል ነው» ብለው አንቲባዮቲክ ጨመሩላት፤ ያንን የሪህ ኪኒን አቁሚ ያላት ሰው አልነበረም። በማግስቱ ደረቷ ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ነገር ወጣ። «ልብስ ሲነካኝ ያቃጥለኛል» ትል ነበር። ከዚያ ከንፈሯ ቆሰለ፣ ጀርባዋ ውሃ ቋጠረ፣ ይገፈፍ ጀመር።

አሁን የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ፣ የውስጥ ደዌ ክፍል ተኝታለች። ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም ነው ብለውናል፤ መድኃኒት አልስማማ ሲል ቆዳን የሚያስገፍፍ ከባድ በሽታ ነው አሉን፤ ሁለቱንም መድኃኒት አቁመውላታል። የቆዳ ሐኪም ሲጠራ እየመጣ ያያታል።

ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ለዚሁ በሽታ አዲስ መድኃኒት ተገኝቶ ሰባት ሰዎች ሰባቱም ዳኑ የሚል አንብቦ «ገዝቼ በሰው ልላክ» እያለ ነው። አክስቴ ለጋ ቅቤና ማር ቀቢያት ትላለች። ጎረቤቶች ጠበል እንውሰዳት ይላሉ። የአጎቴ ልጅ ባንኮክ ካልሄደች እያለ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል። አስታማሚዋ እኔ ነኝ። አንሶላው ጀርባዋ ላይ እየተጣበቀ ሲነሳ ቆዳዋን ይዞት ይነሳል፤ መዋጥ አቅቷታል። የማንን ልስማ? እኔስ ምን ላድርግ?

ሲስተር ከቆዳ ክፍል፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። አዲስ አበባ ውስጥ በቆዳ ተኝቶ ሕክምና ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን በእጄ አገላብጫለሁ፣ አጥቤአለሁ። ስለ አዲሱ መድኃኒት ሐኪም የሆነ ሰው ይመልስልሽ። እኔ ዛሬ ማታ አልጋው አጠገብ ሆነሽ ልታደርጊው የምትችዪውን ልንገርሽ። ብዙ ነው፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ። አሎፑሪኖሉ መቆሙ እስካሁን ከተደረገላቸው ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። ግን እዚያ ላይ አታብቂ። ቤት ሂጂና እናትሽ ባለፉት ሁለት ወራት የዋጡትን ሁሉ በፌስታል ሰብስበሽ አምጪ፤ ከጎረቤት የተዋሱትን የሕመም ማስታገሻም፣ የአገር ባህል መድኃኒትም ቢሆን። እያንዳንዱ መቼ እንደተጀመረ ወረቀት ላይ ጻፊ። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ጥፋተኛውን የሚለየው በቀኑ ነው። አሎፑሪኖል፣ ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም የምንለው)፣ የሚጥል በሽታ ኪኒኖቹ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ላሞትሪጂን፣ የኤችአይቪው ኔቪራፒን፣ እንደ ፒሮክሲካምና ሜሎክሲካም ያሉ ማስታገሻዎች፤ ደጋግመን ያየናቸው እነዚህን ነው። እናትሽ ለጉልበታቸው ፒሮክሲካም ወስደው ይሆናል፤ ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ አንሶላው። የተጣበቀ አንሶላ አይጎተትም። ነርሷን ለብ ያለ ንጹሕ ሳላይን (የሆስፒታሉን የጨው ፈሳሽ) ጠይቂያትና የተጣበቀው ቦታ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ እስኪርስ ጠብቁ፣ ራሱ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ባዶ ጀርባቸው አንሶላ ላይ እንዳያርፍ በቫዝሊን የራሰ ጎዝ ከሥር ይነጠፋል። ጎዙ በቂ ካልሆነ አንዳንድ ሆስፒታሎች የሚያደርጉትን ልንገርሽ፤ በሕንድ በታጠበና በእንፋሎት በተቀቀለ የሙዝ ቅጠል ላይ ያስተኛሉ፤ ቅጠሉ ልስልስ ነው፣ ቁስል አይዝም። ይህን ግን ክፍሉ ሳያውቅ በራስሽ እንዳታደርጊው።

ስታገላብጪያቸው ክንዳቸውን ይዘሽ አትጎትቺ። ሁለት ሆናችሁ በአንሶላው ጫፍና ጫፍ አንስታችሁ ነው ማዞር፤ ማንሸራተት የለም። የተገፈፈው ቆዳ እዚያው ተኝቶ ካለ አይቆረጥ፣ አይላጥ። ለዐይን ያስጠላል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለውን ሥጋ የሚሸፍነው እሱ ነው። ፕላስተር ቆዳቸው ላይ እንዳይለጠፍ። የግሉኮሱ መርፌ እንኳ በፋሻ ተጠምጥሞ ይያዝ። የልብ ምት የሚመዘገብበት የኢሲጂ ተለጣፊ ከደረት ሲነሳ የመዳፍ ያህል ቆዳ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ያንን ማንም እንዲያይ አልፈልግም።

ብርድ። ቆዳ የሌለው ሰው ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ለመንቀጥቀጡ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል። ክፍሉ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። በክረምት የአዲስ አበባን ሌሊት ታውቂዋለሽ። መስኮቱ ይዘጋ፣ ማሞቂያ ከተፈቀደ ይምጣ፣ ብርድ ልብሱ ገላቸውን እንዳይነካ ከላያቸው ከፍ ብሎ የሚይዝ ነገር ይደረግለት።

ማስታገሻ ሳይሰጣቸው ቁስላቸው እንዳይታጠብ። «ከማጠባችሁ ከግማሽ ሰዓት በፊት መድኃኒት ስጧት» በይ፤ ይህን ማለት ነርስን መዳፈር አይደለም። ሞርፊን ሲባል አትደንግጪ።

ዐይናቸው። ዛሬውኑ የዐይን ሐኪም ይይልሽ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ቆዳ ይድናል፤ ዐይን ግን የሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ከነጩ ጋር ከተጣበቀ ዕድሜ ልክ ይዞ ይቀራል። ጠብታው በየሁለት ሰዓቱ ነው፤ ሌሊትም። ተረኛ ነርሷ ሠላሳ ሰው ላይ ስለምትሮጥ አንቺ ሰዓት ሞልተሽ አስታውሻት።

አፋቸው ሲቆስል ለብ ባለ የጨው ውሃ ይጉመጥመጡ፣ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቢ። አጥሚት ቀጠን አድርገሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ በትንሽ ማንኪያ። መዋጥ ፈጽሞ ካቃታቸው በአፍንጫ ቱቦ ይመገቡ ዘንድ ጠይቂ፤ ሰው ረሃቡን ይዞ ቆዳ አያበቅልም። የሚገባና የሚወጣ ፈሳሽ ጻፊ፤ ሽንታቸው ከቀነሰ ለተረኛው ንገሪ።

አንድ ደግሞ ሴቶች የማይናገሩት አለ። ብልት ውስጥም ይቆስላል። ስንት እናት አፍሮ ዝም ብሎ በኋላ ጠባሳው አጣብቆት መከራ አይቷል! አንቺ ልጃቸው ነሽ፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ካለ ለሴት ሐኪም ወይም ለነርስ ንገሪ፣ የሚደረግለት ቅባት አለ።

ስለ ጠያቂ ልንገርሽ፣ ይህ ያንገበግበኛል። የኛ ሰው ፍቅሩ ብዙ ነው፤ አልጋውን ከብቦ ይስማል፣ እጅ ይይዛል፣ ብርቱካን ይላጣል። ይህች ሴትዮ ግን አሁን ከተቃጠለ ሰው አትለይም። የሚገድላቸው በብዛት በቁስሉ የሚገባው ኢንፌክሽን ነው። አንቺና አንድ ተለዋጭ ብቻ ሁኑ፤ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ አልጋው አጠገብ መድረስ የለም። ሌላው በር ላይ ሆኖ ይጸልይ፣ ወይ ደም ይስጥ፣ ወይ ለአንቺ ምሳ ያምጣልሽ።

ቅቤና ማሩ በፍጹም። ለአክስትሽ በደንብ አስረጂያቸው፤ ክፋት አስበው አይደለም። ጠበሉን በተመለከተ እኔም አማኝ ነኝ። ካህኑ መጥተው በራፉ ላይ ቢያነቡላቸው፣ ቢባርኳቸው፣ ለልባቸው ብርታት ነው። ክፍት ቁስል ላይ ግን ማንኛውም ከውጭ የመጣ ውሃ አይፈስም፤ ከዚህ አልጋ ተነሥተው በመኪና እየተንገጫገጩ የትም አይሄዱም። የማውቃቸው ካህናት ይህን ሲነገራቸው ተረድተው ይመለሳሉ።

ሌላም ልጨምር፣ ለክፍሉ ሐኪሞችም ጭምር ነው። መጻሕፍቱ «ቀይ ሽፍታ» ይላሉ። ፎቶዎቹ አብዛኞቹ የነጭ ሰው ናቸው። እናትሽ ደረታቸው ላይ ጠቆር ያለ ነገር ሲወጣ ያ ነው ቀዩ። በጠይም ቆዳ ላይ አመድማ፣ ወይን ጠጅ፣ አንዳንዴም ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ቀይ የሚፈልግ ዐይን ሁለት ሦስት ቀን ያልፈዋል። እኔ አዳዲስ ነርሶችን «ከማየታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ዳስሱ» የምላቸው ለዚህ ነው፤ አዲስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ትኩሳት ኖሮት፣ ቆዳዬ ያቃጥለኛል ካለ፣ አፉና ዐይኑ ከተነካ፣ ሽፍታው ምንም ቢመስል አስቸኳይ ነው። እናትሽ «ልብስ ሲነካኝ ያቃጥለኛል» ሲሉ በሽታውን ራሳቸው ተናግረውት ነበር።

የቢኒ አባት፦

የሲስተርን የዐይን ነገር እኔ ላጠንክረው። ባለቤቴ በባክትሪም ነው እንዲህ የሆነችው። ቆዳዋ በወር ውስጥ ተሸፈነ፤ ሁላችንም ዐይኗን ረሳነው። ዛሬ እንባ የላትም፤ ጠብታ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም፣ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየበቀለ የዐይኗን ብሌን ስለሚፍቃት በየጊዜው ታስነቅላለች። ፀሐይ ላይ መቆም አትችልም። እባክሽ እህቴ፣ «ቀልቷል፣ ጠብታ አለው» ቢሉሽም የዐይን ሐኪም ሽፋኑን ገልብጦ እንዲያየው አጥብቀሽ ጠይቂ። ከተጣበቀ በኋላ አይደለም፤ አሁን ነው።

ሬዚደንቱ፦

የቆዳ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ፤ ስፔሻሊስት ለመሆን እየሠለጠንኩ ያለሁ ሐኪም ማለት ነው። ሲስተር ከጻፉት ላይ የምነቅፈው የለኝም፤ እኛን ሬዚደንቶችን የሚያሠለጥኑን በተግባር እንደ እሳቸው ያሉት ናቸው። ስለ ወንድምሽ ጥያቄ ልመልስ።

ያነበበው እውነት ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ኔቸር የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ጀርመን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የባዮኬሚስትሪ ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የታመመውን ቆዳ ሕዋስ በሕዋስ እየለዩ ፕሮቲኑን አነበቡት። «ጃክ–ስታት» የሚባለው የሕዋሳት መልእክት ማስተላለፊያ መስመር ከልክ በላይ ተቀጣጥሎ አገኙት። ያንን መስመር የሚዘጉ ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለሌሎች የቆዳ በሽታዎች አስቀድሞ የተፈቀዱ ኪኒኖች አሉ፤ ቶፋሲቲኒብ፣ ባሪሲቲኒብና ሌሎችም። በአይጥ ላይ ሠሩ። ከዚያ ቻይና ውስጥ ለሰባት ታካሚዎች የዚህ ዓይነት መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሰባቱም ቆዳቸው ቶሎ ተሸፈነ። እኔ ሳነበው ልቤ ነው የዘለለው። አለን ላየል የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪም የዚህን በሽታ ከባድ መልክ በ1956 ከገለጸው ጀምሮ ምክንያቱን የሚነካ መድኃኒት ስንፈልግ ነው የኖርነው።

ግን ሰባት ሰው ነው። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። እነዚህ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ፤ ተደብቆ የኖረ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፣ ደም የማርጋት ጣጣም አላቸው። እናትሽ ያደጉት ቲቢ ባለበት አገር ነው፤ ቆዳቸው ክፍት ነው፤ ኩላሊታቸው እንዴት እንዳለ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ስለዚህ በሻንጣ መጥቶ በአስታማሚ እጅ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የወንድምሽን ጽሑፍ አትሚና ለሚከታተላቸው ስፔሻሊስት አሳዪው፤ እሱ ይወስን። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ደረት ራጅና የጉበት ምርመራ ሳላይ አልነካውም።

ሌሎች ሁለት አማራጮችም ይነሡ ይሆናል። ኢታነርሴፕት የሚባል መርፌ አለ። ታይዋን ውስጥ ከስቴሮይድ (የሰውነትን መቆጣት ከሚያበርደው መድኃኒት) ጋር አነጻጽረው በ2018 ያወጡት ጥናት ላይ ከበድ ያለ ሕመም ከነበራቸው መካከል ኢታነርሴፕት የወሰዱት ቆዳቸው የዳነው በ14 ቀን ሲሆን ስቴሮይድ የወሰዱት በ19 ቀን ነበር፤ የጨጓራና የአንጀት መድማትም ቀንሷል። ሁለተኛው ሳይክሎስፖሪን የሚባለው የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ውጤቱ ከጥናት ጥናት ይለያያል፣ ኩላሊትና ግፊት ላይ ይጫናል። ስቴሮይዱም ቢሆን ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው።

በሽታው ምን ያህል እንደከበደ የሚለካበት ስኮርተን የሚባል ነጥብ አለ፤ በ2000 የወጣ ነው። ዕድሜ፣ የልብ ምት፣ ካንሰር መኖሩ፣ የተገፈፈው ቆዳ መጠን፣ ከደም ደግሞ ዩሪያ፣ ስኳርና ባይካርቦኔት። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ፣ «ነጥቡ ስንት ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ። የተገፈፈውን ራስሽም መገመት ትችያለሽ፤ የእናትሽ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነታቸው 1 በመቶ ያህል ነው። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ስቲቨንስ ጆንሰን ነው፤ ከ30 ካለፈ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ እንለዋለን፤ እዚያ ላይ ከሦስት ሰው አንዱን ያህል እናጣለን። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ ሳይሆን ከ30 ካለፈ የቃጠሎ ክፍል ወይም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገቡ እንደሆነ አሁኑኑ እንድትጠይቂ ነው።

ባንኮኩን ተዉት። እንዲህ ያለ ታካሚ በአውሮፕላን ሰዓታት አይጓዝም።

ፎቶ አንሺ፤ በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፤ አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ከቅርብ። እናትሽን አስፈቅደሽ። የቆዳ ሐኪሙ በአካል በማይመጣበት ቀን በስልክ የሚላክለት ፎቶ ሥራውን ያቃልለታል። አሁን በየአገሩ ሆስፒታሉ ውስጥ ተኝቶ ታካሚን ብቻ የሚያዩ የቆዳ ሐኪሞች እየተደራጁ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ማኅበር አላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ለእግር ኢንፌክሽን ተብለው ከተኙት ሲሶው ያህል ኢንፌክሽን እንዳልነበረባቸው አሳይቷል፤ አንቲባዮቲኩን በከንቱ ነበር የሚወስዱት። የቆዳ ሐኪም መጥራት ቅንጦት አይደለም። እኛም ጋ አለርት ሆስፒታል በ1965 ለሥጋ ደዌ ተብሎ ተቋቁሞ ዛሬ የቆዳ ሐኪም የሚሠለጥንበት ሆኗል፤ ግን ከአዲስ አበባ ሲወጣ ቆዳ ሐኪም የሌለው ሆስፒታል ስንት ነው!

ሲስተር ከቆዳ ክፍል፦

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጉለሌዋ፣ ወንድምሽ ገንዘቡን ማውጣቱ ካልቀረ የሚገዛውን እኔ ልንገርሽ። ቁስል የማይዝ፣ በሲሊኮን የተሠራ መሸፈኛ አለ፤ ሲነሳ አያሳምም፣ በየቀኑም አይቀየርም። መከላከያ ኬሚካል የሌለበት፣ በትንንሽ ብልቃጥ የሚመጣ የእንባ ጠብታ አለ። እነዚህን ሁለቱን በብዛት ይላክ። ለክፍሉ ኃላፊ አስቀድመሽ አሳውቂ።

የጉለሌዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ፌስታሉን ሳመጣ ሲስተር ያሉት ፒሮክሲካም ተገኘ፤ ግን ዓመት ሙሉ አልፎ አልፎ ስትወስደው የኖረችው ስለሆነ ሐኪሞቹ ጥፋተኛው አሎፑሪኖል ነው ብለዋል። የዐይን ሐኪሙ ሽፋኗን ገልብጦ መጣበቅ ሊጀምር የነበረውን ቀስ ብሎ ለየው፤ አሁን በየቀኑ ያያታል። ያፈረችበትን ነገር ጠየቅኋት፣ አለቀሰች፣ ነበረባት። ቱቦ ገብቶላት አጥሚቱም ወተቱም በዚያ ይገባል። ስለ አዲሱ መድኃኒት ስፔሻሊስቱን አነጋገርኩት። ጽሑፉን አንብቦት ነበር። ሳይክሎስፖሪኑንም ኩላሊቷና ግፊቷ አላስተማመነውም፤ በእንክብካቤው እንቀጥል፣ በየቀኑ እንየው አለን። የተገፈፈው መጨመሩን አቁሟል። ትከሻዋ ላይ አዲስ ቆዳ ስስ ሆኖ፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ መጥቷል።

ወንድሜ መሸፈኛውንና ጠብታውን ልኳል፤ የተረፈው ለአጠገቧ ላለችው ልጅ ሆነ። እሷም በሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው እንዲህ የሆነችው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሪሁ ነገ ቢነሳባትስ? እኛ አራት ልጆቿስ ይህን መድኃኒት ብንወስድ ያገኘናል?

ሬዚደንቱ፦

እሰይ! ደስ ብሎኛል።

ስለ ሪሁ፦ እናትሽ ሪህ ነበረባቸው ወይ ብለሽ መጀመሪያ አስጠይቂ። ጉልበት ማመሙና ዩሪክ አሲድ ከፍ ማለቱ ብቻውን ሪህ አያሰኝም። ሪህ የሚታወቀው ድንገት በሚያብጥ፣ በሚያቃጥል መገጣጠሚያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል። ምልክት ሳይኖር ቁጥሩን ብቻ ለማውረድ አሎፑሪኖል መጀመርን የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ የ2020 መመሪያ አይመክርም። ይህ ነገር በየክሊኒኩ ሲደረግ አያለሁ፤ ያመኛል። የሚያስፈልገው ሰው እንኳ በቀን ከ100 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ ኩላሊቱ ከደከመ ደግሞ ከዚያም አንሶ ነው የሚጀመረው። እናትሽ ግን ከእንግዲህ አንድም ፍሬ አይነኩትም። በእርግጥ ሪህ ከሆነ ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፤ ፌቡክሶስታት አንዱ ነው።

ስለ ልጆቹ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። አሎፑሪኖል እንዲህ የሚያደርጋቸው ሰዎች ብዙዎቹ «ኤችኤልኤ ቢ 58፡01» የሚባል በዘር የሚወረስ ምልክት አላቸው። ታይዋኖች መድኃኒቱን ከመስጠታቸው በፊት ይህን በደም ይመረምራሉ። በካርባማዜፒን ላይም «ቢ 15፡02» የሚባለውን መርምረው፣ ያለባቸውን ሰዎች ሌላ መድኃኒት ሰጥተው በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ4,877 ሰው አንድም አልታመመባቸውም፤ ካለፈው ልምድ አሥር ያህል ይታመማሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ከተሠራው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ ሰው ሳይታመም ነው ያዳኑት። 15፡02 በእኛ አካባቢ ብርቅ ነው። 58፡01 ግን በአፍሪካውያን ዘንድ አለ፤ ለዚህ ነው ያ የ2020 መመሪያ ጥቁር አሜሪካውያንም አሎፑሪኖል ከመጀመራቸው በፊት እንዲመረመሩ የሚመክረው። እናትሽ ምልክቱ ካላቸው እያንዳንዳችሁ የመውረስ ዕድላችሁ ከሁለት አንድ ነው። ወንድምሽ እዚያው ቨርጂኒያ ሐኪሙን አናግሮ ሊመረመር ይችላል። እናንተ ምርመራውን ካላገኛችሁ አሎፑሪኖል ሊታዘዝላችሁ ሲል «እናታችን በዚህ ልትሞት ነበር» በሉ፤ የሚሰማ ሐኪም ይቀይርላችኋል።

ሲስተር ከቆዳ ክፍል፦

ተመስገን! ስለዚያች ልጅም ልቤ ተነካ። ለእሷ ቤተሰብ ንገሪያቸው፦ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ በአንዱ የታመመ ሰው በሌላውም ሊታመም ይችላል። ሐኪሙ የሚቀይርላት ከእነዚህ ውጭ መሆኑን ይጠይቁ።

ከሆስፒታል ስትወጡ ካርዳቸው ፊት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አሎፑሪኖል» ተብሎ ይጻፍ፤ በእንግሊዝኛም። «የመድኃኒት አለርጂ አለባት» ብቻ አይበቃም፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ምን እንዳደረጋቸው፣ ዓመተ ምሕረቱ። መድኃኒቱ በየፋብሪካው ሌላ የንግድ ስም ስላለው ፋርማሲ በሄዱ ቁጥር ዋናውን ስም ያስነብቡ። ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ በላስቲክ ለብጠሽ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቺ፤ አንዱን ደግሞ ስልክሽ ላይ ፎቶ አንስተሽ ያዢ።

አዲሱ ቆዳ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ አንዱ ጋ ይነጣል፣ አንዱ ጋ ይጠቁራል። ጥፍራቸው ሊወልቅ ይችላል፤ ይመለሳል። ፀሐይ እንዳይመታቸው ጃንጥላና ነጠላ፤ ቫዝሊን ጠዋት ማታ። የሚያነጣ ቅባት ከሱቅ እንዳትገዙ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያልተነገረ ስቴሮይድ አለ። የዐይን ቀጠሮው ቆዳው ከዳነ በኋላም ይቀጥላል፤ ቢያንስ ዓመት። የሴቶቹን ጉዳይ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የማህፀን ሐኪም አይቶት፣ የክትትል ቀን ተሰጥቶት ይሁን። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።